ስልክ ሩት ለማድረግ፦ ትእዛዝ መጻፍ ይማሩ ወይስ አንዷን ቁልፍ ይንኩ?

ባለፈው ክረምት አንድ የመሐል ሜዳ ልጅ ደብረ ብርሃን ወዳለችው ጠባብ ሱቄ ገባ። ዝናቡ ከጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ስልኩ ግን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ ነበር። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ፎርማት አደረግሁት፤ ማስታወቂያው ተመልሶ ይመጣል» አለኝ። ተቀብዬ አበራሁት። ገና የመክፈቻ ቁጥሩን ሳላስገባ አንድ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሸፈነው፤ እሱን ስዘጋው ሌላ ተተካ። ልጁ ስልኩን ሩት ለማድረግ፣ ማለትም አምራቹ የቆለፈውን ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት፣ ፈልጎ ኖሯል። ጓደኛው የላከለትን ባለ አንድ ንክኪ መተግበሪያ ጫነ፤ መሃል ላይ ያለችውን ትልቅ ክብ ቁልፍ ነካ። በሁለት ደቂቃ አለቀለት። እኔ ዘንድ የመጣው ከሁለት ወር ስቃይ በኋላ ነው።

ፎርማቱ ለምን እንዳልጠቀመው ማወቅ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ይሆነናል። ፎርማት የሚያጠፋው ፎቶን፣ መልእክትን እና ተጠቃሚው በኋላ የጫናቸውን መተግበሪያዎች ነው፤ የስልኩ ሥርዓት፣ አንድሮይድ ራሱ፣ የተቀመጠበትን ክፍል አይነካም። ያ መተግበሪያ ደግሞ የሩት ሥልጣን እንዳገኘ ራሱንና ባልደረቦቹን ወደዚያው ክፍል አዛውሯል። ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሩት የሚለው ቃል ለከበዳቸው፦ አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ መለያ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ፣ ማንም የማይከለክለው አንድ ተጠቃሚ አለ፤ ስሙ ሩት ነው። አምራቾች ስልኩን ሲሸጡልን ይህን ሥልጣን ቆልፈው ነው። ቁልፉን ለማለፍ ዛሬ ሰው የሚያማርጠው ሁለት መንገድ አለ፦ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ እየጻፉ በራስ እጅ መሥራት፣ ወይም ሁሉን ነገር በአንድ ንክኪ እሠራለሁ ለሚል መተግበሪያ መተው። እኔ ትእዛዙን ይማሩ ባይ ነኝ። ዋናው ምክንያቴ ግን ትእዛዝ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ ሩቱን ራሱን ሳይፈልገው መቅረቱ ነው።

«ሩት አድርግልኝ» ያለው ሰው ምን ፈልጎ ነው?

በፊት ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በድሮዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የግእዝ ፊደል ስላልነበረ የአማርኛ መልእክት ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። የፊደሉን ፋይል ወደ ሥርዓቱ አቃፊ ለማስገባት ሩት የግድ ነበር፤ ለዚያ ሲባል ስንቱ ስልክ እንደተከፈተ፣ ስንቱም በዚያው እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ስልኩ ከነፊደሉ ይመጣል። አሁን የሚመጣው ደንበኛ የሚለው ሌላ ነው፦ ስልኬ ሞላ፤ ከፋብሪካ ጋር የመጡት መተግበሪያዎች አልጠፋ አሉ፤ ከበደብኝ፤ ዳታዬን ሳልነካው ይጨርሳል።

ለዚህ ሁሉ ሩት ማድረግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጉግል በነጻ የሚያወጣው፣ ከኮምፒውተር ሆነው ስልክን የሚያዙበት ኤዲቢ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ከአጋሩ ከፋስትቡት ጋር በጥቂት ሜጋ ባይት ይወርዳል፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል። በዚህ መሣሪያ «ኤዲቢ ሼል ፒኤም አንኢንስቶል» ብለው፣ ቀጥለው ተጠቃሚ ዜሮን አመልክተው የመተግበሪያውን ሙሉ መጠሪያ ሲጽፉ፣ አልጠፋም ያለው መተግበሪያ ከዓይንዎ ይጠፋል፤ መሥራቱንም ያቆማል። ሩት አልተነካም፤ ዋስትናም አልፈረሰም። ዋናው ቅጂ በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ ስለሚቀር የያዘው ቦታ ባይለቀቅም፣ ያከማቸው መረጃና የጫናቸው ማሻሻያዎች ግን ይነሣሉ። ቢጸጸቱ በሌላ አንድ መስመር ይመልሱታል፤ ፎርማት ቢያደርጉትም ይመለሳል። (የማያውቁትን መጠሪያ በግምት አያጥፉ። የስክሪኑን ገጽታ የሚያሳየውን ያጠፋ አንድ ሰው ጥቁር ስክሪን ይዞ መጥቶልኛል።)

እውነተኛው የሩት ፍላጎት ጠባብ ነው። የአንድን መተግበሪያ የውስጥ መረጃ ሙሉ በሙሉ መገልበጥ የሚፈልግ፣ ማስታወቂያን ከሥርዓቱ ፋይል መዝጋት የሚፈልግ፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት በእጁ ማስተካከል የሚፈልግ፣ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ተማሪ፦ እነዚህ ሩት ያስፈልጋቸዋል። አሮጌ ስልካቸው ላይ እንደ ላይንኤጅ ኦኤስ ያለ ሌላ ሥርዓት መጫን የሚፈልጉ ሰዎች እንኳን የሚያስፈልጋቸው ቡትሎደሩን (ስልኩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሣውን ፕሮግራም) መክፈት እንጂ ሩት አይደለም።

አንዷ ቁልፍ ከበስተኋላ ምን ትሠራለች?

ጎተራ ያስቡ። ባለቤቱ በበሩ ይገባል። አይጥ ግን ግድግዳው ላይ ባገኘችው ስንጥቅ ትገባለች። ባለ አንድ ንክኪ መተግበሪያ በስንጥቁ የሚገባው ነው፤ በከርነሉ፣ ማለትም በሥርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ ያልተደፈነ ስህተት ፈልጎ በዚያ ይሾልካል።

ታሪኩ ደስ ይላል፤ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ2014 በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ፉቴክስ በሚባለው ክፍል ላይ ስህተት ተገኘ። በዚያው ሰኔ ጆርጅ ሆትዝ ታወልሩት የተባለ መተግበሪያ ሠራበት፤ የዚያን ጊዜው አዲሱ ጋላክሲ ኤስ 5 እንኳን በአንድ ንክኪ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ደርቲ ካው የተባለው ስህተት ይፋ ሆነ፤ ከርነሉ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ተኝቶ ነበር። እኛ አገር በብዛት በሚገኙት የሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ባላቸው ስልኮች ላይ የተገኘው ትልቁ ስንጥቅ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በወጣው የአንድሮይድ የደኅንነት ማሻሻያ ተደፈነ። እንደ ኪንግሩት እና ኪንጎሩት ያሉት ስመ ጥር መተግበሪያዎች ያደጉት እንዲህ ያሉ ስህተቶችን አከማችተው ለየስልኩ የሚስማማውን እየሞከሩ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ስንጥቁ ከተደፈነ ቁልፏ አትሠራም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ነሐሴ ወዲህ አንድሮይድ በየወሩ የደኅንነት ማሻሻያ ያወጣል፤ ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ ስልኩ ሲነሣ ሥርዓቱ እንዳልተነካካ አጥብቆ ይፈትሻል። ስለዚህ ባለፉት ጥቂት ዓመታት የወጣ ስልክ ላይ «መቶ በመቶ እከፍታለሁ» የሚል መተግበሪያ ካገኙ፣ ወይ አይሠራም ወይ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የባሰው ነው፦ ይህ መተግበሪያ በስንጥቁ መግባት ከቻለ ሌላውም ይችላል። ቁልፏን ነክቶ ስልኩ ሲከፈት የተደሰተ ሰው ማወቅ ያለበት፣ ስልኩ ለማንም ክፍት እንደነበር ነው።

በዚህ ላይ የአብዛኞቹ መተግበሪያዎች ምንጭ የተዘጋ ነው፤ ውስጣቸው ምን እንደተጻፈ አይታይም። እርስዎም ሙሉ ሥልጣን የሚሰጡት ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ይሰጣሉ። የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ደንበኛ አይጠፋም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!

ትእዛዙ በቅርብ ሲታይ

ሰው ጥቁሩን መስኮት ሲያይ ይደነግጣል። የሚጻፈው ግን ከአሥር መስመር አይበልጥም። ትእዛዞቹ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ የማሰፍረው አነባበባቸውን ነው።

ቅንብር ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ገብተው የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ይነኩታል፤ የገንቢዎች ምርጫ የሚባለው ይከፈታል። እዚያ የዩኤስቢ ማረሚያውን ያበራሉ፤ ቡትሎደር ለመክፈት የሚፈቅደውንም ምርጫ እግረ መንገድዎን ያብሩት። ኬብሉን ሰክተው «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ይጽፋሉ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው፤ ምንም አይወጣም። መጽሐፍ ከማገላበጥዎ በፊት ኬብሉን ይቀይሩ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ርካሽ ኬብል ብዙው ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፤ መረጃ የሚያስተላልፉት ሁለቱ ሽቦዎች ውስጡ የሉም። እኔ አንድ ደህና ኬብል አለኝ፤ ቀይ ክር አስሬበት ከመሳቢያ አላወጣውም። ኬብሉ ደህና ከሆነና ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ስልኩን እንዲያውቀው የሚያደርገው ሶፍትዌር፣ ነው። ከዚያ የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ከጎኑ «አልተፈቀደም» የሚል። ስልኩን ይመልከቱ፤ ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ ብሎ እየጠየቀ ነው። ይፍቀዱ፤ ደግመው ይጻፉ፤ «ዲቫይስ» ይላል። ተግባብተዋል ማለት ነው።

ቀጥሎ «ኤዲቢ ሪቡት ቡትሎደር»፤ ስልኩ ጠፍቶ ጥቁር ገጽ ላይ ይነሣል። «ፋስትቡት ፍላሺንግ አንሎክ» ሲሉ ስልኩ ያስጠነቅቅዎታል፤ በድምፅ ቁልፉ መርጠው ያጸድቃሉ። ይህ ትእዛዝ ስልኩ ላይ ያለውን መረጃ በሙሉ ያጠፋል። ይህ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ ስልክዎን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ ፎቶዎን እንዳያይ። ስለዚህ የልጆቹ ፎቶ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ ሁሉም አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ ይገልበጥ።

አሁን ሩቱን የሚሰጠው መሣሪያ፣ ማጂስክ፣ ይመጣል። ጆን ዉ የተባለ ገንቢ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ነው፤ ምንጩ ክፍት ነው። ጥበቡ የሥርዓቱን ክፍል ሳይነካ ስልኩ የሚነሣበትን ቡት የሚባለውን ትንሽ ፋይል ብቻ መለወጡ ነው። ከስልክዎ ትክክለኛ የሶፍትዌር ቅጂ ውስጥ የቡት ፋይሉን ያወጣሉ፤ ስልኩ ላይ ማጂስክ ያሻሽለዋል፤ የተሻሻለውን ወደ ኮምፒውተር ይመልሱታል። (ከአንድሮይድ 13 ጋር ተሸጠው የወጡ ስልኮች ላይ የሚሻሻለው ብዙውን ጊዜ ኢኒት ቡት የሚባለው ፋይል ነው። ይህን ያልለየ ሰው ሙሉ ቀን ይለፋል።) ትክክለኛ ስል የግንባታ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አሃዝ የሚገጥመውን ማለቴ ነው፤ «ያው ሞዴሉ አንድ ነው» አይሠራም።

ቸኩለው አይጻፉበት። ብዙ ስልኮች «ፋስትቡት ቡት» የሚለውን ይቀበላሉ፤ ፋይሉ ሳይጻፍ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሞከራል። ስልኩ ከተነሣ ደህና ነው፤ ካልተነሣ አጥፍተው ሲያበሩት እንደነበረ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉን በቋሚነት የሚጽፈው «ፋስትቡት ፍላሽ ቡት» የሚባለው። መጨረሻ ላይ «ኤዲቢ ሼል» ገብተው «ኤስዩ» ሲሉ፣ መስመሩ መነሻ ላይ የነበረው የዶላር ምልክት ወደ መሰላሏ ምልክት (#) ይለወጣል፤ ሩት ሆነዋል ማለት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ማታ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ይበራል፤ ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘዋል፤ ያችን መሰላል ሳይ ብርዱን ረሳሁት።

ሲበላሽ ማን ይመልሰዋል?

ሁለቱን መንገዶች በፍጥነት የሚያወዳድር ሰው ይሳሳታል። በፍጥነቱ አንዷ ቁልፍ ታሸንፋለች፤ ክርክር የለውም። ማወዳደር ያለብን ነገሩ ሲበላሽ ነው።

ትእዛዙ ሲበላሽ ይናገራል። «መሣሪያ እየጠበቅሁ ነው» ካለ ኬብሉ ወይም ድራይቨሩ ነው፤ «በተቆለፈ ስልክ ላይ መጻፍ አይፈቀድም» ካለ ቡትሎደሩ አልተከፈተም። ስልኩ ሎጎ ላይ ቢቆም፣ ያልተነካውን የቡት ፋይል በአንድ መስመር መልሰው ይጽፉና ይነሣል። አንዷ ቁልፍ ስትበላሽ የምትለው «አልተሳካም» ብቻ ነው፤ የት ድረስ ሄዳ፣ ምን ነክታ እንደቆመች አትናገርም። ስለዚህ እኔም መፍትሔዬ ሙሉውን ሶፍትዌር እንደገና ፍላሽ ማድረግ (መጻፍ) ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከ2 ጊጋ ባይት በላይ የሚወርድ ነው። በነጻ የተሠራው ሥራ በጥቅል ዳታ ይከፈላል።

በሁለቱ መካከል ያለውን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኮምፒውተር ላይ ሁለቴ ሲነኩት እነዚያኑ ትእዛዞች በተራ የሚያስኬድ የተዘጋጀ ፋይል አለ። ይህን ከአንዷ ቁልፍ ጋር አልደምረውም፤ በተራ ጽሑፍ ማንበቢያ ከፍተው እያንዳንዱን መስመር ማየት ይችላሉና። ጥቂት ትእዛዝ የሚያውቅ ሰው ለየትኛው ሞዴል እንደተጻፈ በአምስት ደቂቃ ይለያል። የማያውቅ ሰው የሌላ ስልክ ፋይል ስልኩ ላይ ያስጽፋል። አቋራጩ ራሱ ችግር የለበትም፤ ውስጡ የማይነበበውን ነው የምፈራው።

ኮምፒውተር ከሌለስ?

ከጅሩ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጡ ወጣቶች አንዷን ቁልፍ የሚመርጡት ከስንፍና አይደለም። ያላቸው ስልክ ብቻ ነው፤ አንዷ ቁልፍ ደግሞ ስልኩ ላይ ብቻ ትሠራለች። ይህን የማይረዳ መካሪ አልወድም።

መልሱ ግን አለ። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ማረሚያው ያለ ኬብል በዋይፋይ ይሠራል። አንድ ሰው ስልኩ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የትእዛዝ መስኮት ጭኖ በውስጡ ኤዲቢን ካስገባ፣ የጓደኛውን ስልክ በአንድ ሆትስፖት ላይ አገናኝቶ ማዘዝ ይችላል፦ «ኤዲቢ ፔር»፣ የሚታየው ስድስት አሃዝ፣ ከዚያ «ኤዲቢ ኮኔክት»። ሺዙኩ የሚባለው መተግበሪያ ደግሞ ሌላ ስልክም ሳይፈልግ የራስን ስልክ በራስ ለማዘዝ ያስችላል። አላስፈላጊ መተግበሪያ ለማንሣት ይህ በቂ ነው። ቡትሎደር ለመክፈት ግን ኬብልና ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያውሱት ሰው ይፈልጉ። መብራት ድንገት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ይሁን፤ የቡት ፋይል እየተጻፈ ሳለ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ቢጠፋ አይወዱትም።

እንደየስልኩ

ሳምሰንግ ፋስትቡትን አይጠቀምም፤ የራሱ ዳውንሎድ ሞድ አለው፤ ኮምፒውተር ላይ ኦዲን በሚባለው ይጻፍበታል። ያልተፈቀደ ፋይል ሲጻፍበት ኖክስ የተባለው መጠበቂያ ውስጥ ያለች ፊውዝ ትቃጠላለች፤ ያቺ እስከ መቼም አትመለስም፤ የግል ፋይል የሚቆለፍበት ሴኪውር ፎልደርም አብሮ ይቀራል። ውድ ሳምሰንግ ያለው ሰው በሁለቱም መንገድ ባይነካው ይሻላል። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የቡትሎደር መክፈቻ ቁጥር መስጠት አቁሟል። ሻኦሚ ይፈቅዳል፤ ግን አመልክተው ቀናት ይጠብቃሉ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ከያዙ፣ በአብዛኛው ሚዲያቴክ ስለሆኑ በትእዛዙ መንገድ ብዙ ነገር ይቻላል፤ ዋናውን የቡት ፋይል አስቀድሞ ገልብጦ ማስቀመጥን ጨምሮ።

አንዷን ቁልፍ የምፈቅድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ አንድሮይድ 4 ወይም 5 ያለበት፣ ሲም የሌለበት፣ የባንክና የኢሜይል ስም ያልገባበት፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ስልክ። እሱ ላይ እንደልብ ይሞክሩ።

ስለ ባንክ ደግሞ፦ በስልኩ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው በየትኛውም መንገድ ሩት ከማድረጉ በፊት ያስብበት። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ስልኩ መከፈቱን ይፈትሻሉ፤ ከፈለጉ አልከፈትም ይላሉ። ይሄ በጥበብ ይታለፋል የሚሉ አሉ፤ ዛሬ ያለፈው ነገ በሚመጣው ማሻሻያ ይያዛል፤ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ቀን እንዲሆን አይመኙም። ሌላ አንድ ነገር፦ ሩት አድርገው ከቆዩ በኋላ «ቡትሎደሩን መልሼ ልቆልፈው» ካሉ፣ ሁሉም ፋይል ወደ ፋብሪካው ሳይመለስ አይቆልፉ። የተለወጠ ሥርዓት ላይ የተቆለፈ ስልክ አይነሣም።

የመሐል ሜዳው ልጅ ስልኩን ከሦስት ቀን በኋላ መጥቶ ወሰደ፤ ሶፍትዌሩን ሙሉ በሙሉ ጽፌለት ነበር። «አሁን በትክክለኛው መንገድ ሩት እናድርገው?» አለኝ። ለምን እንደፈለገው ጠየቅሁት። ሁለት ከስልኩ ጋር የመጡ ጨዋታዎች ነበሩ ያስመረሩት። ወንበሬን ለቀቅሁለት፤ መጠሪያቸውን ከዝርዝሩ ፈልጎ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገ ጻፈ። ሁለቴ ተሳሳተ። በሦስተኛው «ሰክሰስ» አለው። ሩቱን ደግሞ አላነሣውም፤ ባለ ቀይ ክሩን ኬብሌን ግን ተውሶ ሄደ፤ እስከ ዛሬ አልመለሰውም።